የቀኝ የኋላው ጎማ

ታናሽ እህቴ ቀድማኝ ልታገባ ስለነበር በዚያ ሰሞን ከአፌ የሚወጣ ነገር ሁሉ ቅናት ይባል ነበር። ድንኳኑ ጠበበ ብል ቅናት ነው። ዘፋኙ አይረባም ብል ቅናት ነው። ሥጋው ሸቷል ብል እሱም ቅናት ነው፤ ሥጋው ግን በእርግጥ ሸቶ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ለሠርጉ ብሎ መኪናው ላይ ሰፋፊ ጎማ ሊያስገጥም መሆኑን ሲነግረኝ ዝም ለማለት ሞከርኩ። ዝምታ አይሆንልኝም።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ የትም እንደማያደርሰኝ ሲታወቅ፣ አባታችን ሲሞት የተወልን የቆርቆሮ ቤት ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ወንድሜ በስሙ ያዘው፣ እኔ በእጄ ያዝኩት። እሱ ሾፌር ነው። የሰው መኪና ይነዳል፤ ነፍሱ ግን የራሱ መኪና ላይ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የስፖርት መኪና ናት። ስንት ዓመት ነካካት። ሞላዋን ቆርጦ ዝቅ አደረጋት፣ ድምፅ ማፈኛ ማርሚታዋን አውጥቶ ሰፈሩን የሚያስበረግግ ቱቦ ከተተላት፣ ነጭ ቀለም አስቀባት። ወደ ቤት ስትመጣ ገና ከካራ ጀምሮ ትሰማለች።

"አባቷ የለም" አለኝ አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ። "ከአባቷ ቤት በእኔ መኪና ነው የምትወጣው፤ እኔው ራሴ ነድቼ። ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚያያት።"

"መኪናዋ እንዳለች ምን ሆነች? አሁንም እኮ ያዩዋታል።"

"ጎማዋ ቀጭን ነው። ከኋላ ስትታይ ቂጥ የላትም።"

እንዲህ ነው የሚያወራው። ግን የመጀመሪያውን ነገር ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ ነበር፤ እሱን ሰምቻለሁ። እኛ ቤት አባት ከሞተ በኋላ አባት ለመሆን የሞከረ እሱ ነው። ጥሩ አልሆነም፤ ግን ሞክሯል። እህታችንን በገዛ እጁ ነድቶ ማስወጣት የዚያ ሁሉ ዓመት ማሠሪያ ነበር ለእሱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ መኪናዋን ይፈልጋታል፣ የሰው መኪና መንዳት ይቀራል ብሎ አስቧል።

ያመጣቸው ቸርኬዎች፣ ጎማው የሚለብሳቸው ብረቶች፣ ለእሷ የተሠሩ አልነበሩም። ከሌላ፣ ከትልቅ መኪና ላይ የተፈቱ ናቸው። የኋላዎቹ ከጥልቀታቸው የተነሳ የሽሮ ድስት ይዋጥባቸዋል። ጎማውን ቸርኬው ላይ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጥፍሬ ተልጧል። ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንስተን አስገጠምናት፣ ብሎኖቹን አጠበቅን፣ ክሪኩን ለቀቅን። ቁጭ ስትል የኋላ ጎማዎቿ ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው መሸፈኛ ላሜራ፣ አራት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥተዋል። ከጠባብ ልብስ የተረፈ ሆድ ይመስላሉ።

"ወጥቷል" አልኩት።

"መውጣቱ እኮ ነው ቁንጅናው።"

"ቁንጅናው ቆማ ነው። ሰው ሲገባባት ትወርዳለች። ስትወርድ የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማው ላይ ያርፋል። ጠርዙን ደግሞ ዳስሰው፤ ቢላ ነው።"

"አታሟርቺ።"

የመጀመሪያው "አታሟርቺ" ያ ነበር። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ተውኩ። በእኛ ቤት ክፉ ነገር የሚመጣው ሰው ስለተናገረው ነው እንጂ እንዲመጣ ሆኖ ስለተሠራ አይደለም። እናቴ ከጓዳ ሰምታ አማተበች። ያማተበችው ጎማውን ፈርታ አይደለም፤ እኔን ፈርታ ነው።

ወንድሜ እንዲያም ሆኖ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ይህን አልክድበትም። ዳስሶ ከሱቃችን አጠገብ ላሜራ የሚቀጠቅጡ ሽማግሌ ጋ ሄደ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የእሳቸው ዘዴ የታወቀ ነው። ልጡ የተላጠ፣ እንደ ክንድ የወፈረ የባሕር ዛፍ እንጨት በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ያስገባሉ። ከዚያ መኪናው ቀስ እያለ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። እንጨቱ ከጎማው ጋር ሲንከባለል ጠርዙን ወደ ላይ ያጥፈዋል። ያጠፉት ጠርዝ እጅ አይቆርጥም፣ ጎማም አይቆርጥም። እንጨቱን ከእንጦጦ እንጨት ከሚያወርዱ ሴቶች ነው የሚመርጡት፤ ሸክማቸውን አስወርደው፣ አገላብጠው፣ አንዱን መዝዘው።

የግራው እንደ ጨርቅ ታጠፈ። የቀኙ ላይ ግን እንጨቱ ግማሽ መንገድ እንደሄደ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ መጣ። ሁላችንም ቆምን። ያ ጎን ድሮ ተገጭቶ ነበር፤ ከነጩ ቀለም ሥር ላሜራ ሳይሆን ጉድጓዱ የተሞላበት ወፍራም ስቱኮ ነው ያለው። ስቱኮ አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። ፀጉር የምታህል መስመር ቀለሙ ላይ ወጣች።

"በቃ፣ በቃ፣ ጋሼ ይተዉት" አለ ወንድሜ። እንጨቱን በእጁ ያዘው።

"ግማሹ ቀርቷል እኮ" አልኩ።

"ሠርጉ እሑድ ነው። ቀለሙ ተገሽልጦ ሙሽራ ላወጣበት ነው?"

ጋሼ እንጨታቸውን መዘው አወጡና በሱሪያቸው ጠረጉት። "ይበቃዋል" አሉ። "ሙሽራ ናት የምትጫንበት፣ ሲሚንቶ አይደለም። ለሠርጉ ስትል ስንት ቀን ጾማ የለ እንዴ? ላባ ሆናለች።" ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቁጢጥ ብዬ ጣቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የግራው ጠርዝ ለስላሳ ነው። የቀኙ ከፊት ለስላሳ ነው፤ ወደ ኋላ ስሄድ ጣቴን ያዘኝ።

በማግስቱ ሊያሳምነኝ ፈለገ። ለድግሱ የመጣውን ኩንታል ጤፍ ከነጆንያው የኋላ ወንበር ላይ ጫነ፣ እኔን ከፊት አስቀመጠ፣ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ በጠመኔ ቀባ። ጠርዙ ጎማውን ከነካው ጠመኔው ጎማው ላይ ይታያል ማለት ነው። ዘዴው መጥፎ አልነበረም። እስከ ካራ ሄደን ተመለስን። ጎማው ጥቁር እንደሆነ ነው። አንድም ነጭ ነጥብ የለበትም።

"እሺ፣ አሁንስ?" አለኝ።

"ቀጥ ባለ መንገድ ነው የሄድነው።"

"መንገድ ቀጥ ካላለ ምን ሊሆን ኖሯል?"

"መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ነው የሚተኛው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ቀኙ ላይ ነው የሚተኛው። ቀኙን ደግሞ አልጨረስከውም።"

"አንቺ" አለኝ፣ ጆንያውን እያወረደ፣ "ለሰው ደስ የሚል ነገር ተናግረሽ ታውቂያለሽ?"

ለእህቴም ነገርኳት። ቅዳሜ ቀሚሷን ለማየት ጠርታኝ ነበር፤ አየሁ፣ ያምራል አልኩ፣ ከዚያ ነገርኳት። በሌላ መኪና ውጪ አልኳት። የሙሽራው ወንድም የራሱ መኪና አለው፣ በእሱ ውጪ። መስተዋቱ ውስጥ ሆና አየችኝ።

"ያንቺ ሠርግ ቢሆን እንዲህ ትይው ነበር?"

"እለው ነበር።"

"ያንቺ ሠርግ ግን አይደለም" አለች። ክፋት አልነበረበትም። የሆነውን ነው የተናገረችው።

እሑድ የጥር ፀሐይ አናት ይበሳል። አጃቢው ዘፈነ፣ በሩ ላይ እንገባለን አትገቡም ተባለ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ወንድሜ ክራባት አስሮ መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። አበባ ተደርጎላታል፣ ነጭ ጥብጣብ ተደርጎላታል። እህቴን በክንዱ ይዟት መጣ፤ የፊቱን ወንበር አጥፎ ከኋላ በቀኝ በኩል አስገባት። ቀሚሷ መቀመጫውን ሞልቶ በግራ ቀድሞ ወደገባው ሙሽራ ጭን ፈሰሰ። አንደኛው ሚዜ ከፊት ገባ፤ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሲገባ መኪናዋ አጎነበሰች። ከዚያ ወንድሜ ራሱ ገባ። እኔ ከሴቶቹ ሚዜዎች ጋር በሚኒባስ ከኋላ ነኝ። ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ለካሜራው ያጨበጭባሉ፤ እኔ የቀኝ የኋላውን ጎማ አያለሁ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ክፍተት አልነበረም። ጎማው ወደ ላይ ገብቶ የተዋጠ ይመስላል።

ከሰፈራችን በታች አደባባይ አለ። የእኛን አገር ሠርግ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ያውቃል። ከፊት የነበረችው ፒካፕ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ከነካሜራው ኋላዋ ላይ የተቀመጠባት፣ አደባባዩን መዞር ጀመረች። ሙሽሮቹ ተከተሉ፣ ሁላችንም ተከተልን። ክላክስ ያለው ክላክሱን አስጮኸ። አንድ ዙር። ደግመን። ደግመን።

በአደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ነው። ሁሌም ወደ ግራ። ኩንታሉን ጭነን ካራ ደርሰን ስንመለስ ይህን ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብነውም፤ እኔም ብሆን መታጠፍ አልኩ እንጂ መዞር አላልኩም። መንገድ ላይ ያለ የግራ መታጠፊያ አንዴ ታጥፎ ይለቃል። አደባባይ ግን አይለቅም። ቪዲዮ ቀራጩ በእጁ "ይደገም" ብሎ አሳየ፤ ደገምን። መኪናዋ በሙሉ ወደ ቀኝ ጎኗ ተኝታ ትዞራለች፣ እህቴ ያለችበት ጎን። በአንዱ ዙር ላይ ከጎማው ሥር ስስ ሰማያዊ ጭስ አየሁ። የሚኒባሱ ሾፌር አየሩን አሸተተ።

"ጎማ ሸተተ እንዴ? የእኔ ይሆን?"

"የአንተ አይደለም" አልኩት።

ለወንድሜ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ሙሽራ የያዘ ሾፌር ስልክ አያነሳም። አንዷ ሚዜ ከኋላ "ፈገግ በይ እንጂ፣ ቪዲዮው ላይ ፊትሽ ለቀስተኛ ይመስላል" አለችኝ።

ከዚያ ለፎቶ ወደ እንጦጦ ወጣን። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ዳገት ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል። ባሕር ዛፉ ከሁለት ጎን መንገዱን ያጨልመዋል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል እየመጡ ለሠርጉ ዳር ይይዙ ነበር፤ ሸክሙ ስለሚያጎብጣቸው ሙሽራዋን ለማየት አንገታቸውን ከሥር ወደ ላይ ያጣምማሉ። መኪናዋ ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር አንድ አጭር ድምፅ እሰማለሁ። የሚቀደድ ጨርቅ ይመስላል። ቀጥ ስትል ይጠፋል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የለም። ግራ ሲመጣ ተመልሶ አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ሜዳ አለ። ሙሽሮቹ ወረዱ፣ ካሜራው ወደ ዛፎቹ ወሰዳቸው። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ጎማው ሥር ተንበረከክሁ። ለማየት መዳሰስም አያስፈልግም ነበር፤ ጎንበስ ማለት ብቻ። የጎማው ትከሻ፣ መሬት የሚነካው ፊቱ ከጎኑ የሚገናኝበት ቦታ፣ ዙሪያውን ጣት በሚያህል ቦይ ተበልቷል። ቦዩ ውስጥ ጥቁሩ አልቆ ነጭ ክር ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ክሩም ተበጥሶ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። እጄን ሳስጠጋ ሙቀቱ ቀድሞ ደረሰኝ።

ወንድሜን በክንዱ ጎትቼ አመጣሁት። አየ። ፊቱ ላይ ያለው ላብ ቆመ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ቆመ።

"በዚህ አትወርድም" አልኩት።

"ቀስ ብዬ ነው የምወርደው።"

"ቁልቁለት ነው። መታጠፊያ ነው። ከታች ገደል ነው።"

"ቀስ ብዬ አልኩሽ። አዳራሽ እንደደረስን እቀይረዋለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው እያየን ነው፣ ተነሽ።"

እውነቱን ነው፣ እያዩን ነበር። የሙሽራው አክስት ጥላዋን ዘርግታ ከጀርባችን ቆማለች። ሠርጉን በሙሉ በዓይኗ የያዘች ሴት ናት።

"ምን ሆነ? ሙሽራ የመጣችበት መኪና ተበላሸ እንዳትሉኝ" አለች።

"ምንም አልሆነም እትዬ" አላት ወንድሜ።

"ጎማው ሊፈነዳ ነው" አልኳት። "ሙሽሮቹ በሌላ መኪና ይውረዱ።"

አክስትየዋ ጎማውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ፣ ከእግር እስከ ራስ። "ሙሽራ መሀል መንገድ መኪና አትለውጥም፣ የኔ ልጅ። ጥሩ አይደለም። ደግሞስ በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ይጠራል?" አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ጎማውን እንዲያይ ላከችው። ጎንበስ አለ፣ ሱሪው አቧራ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ፣ ቀና አለና "ተጭሯል መሰለኝ" አለ።

እህቴ ጋ ሄድኩ። ዛፍ ተደግፋ አበባዋን ይዛ ቆማለች፤ ቪዲዮ ቀራጩ አገጯን ቀና እንድታደርግ ይነግራታል። በጆሮዋ ነገርኳት፦ እዚያ መኪና ውስጥ አትግቢ።

ፊቷ አልተለወጠም፤ ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ "ዛሬን እንኳን ተይልኝ" አለችኝ።

ተውኳት። ወደ መኪናዋ ተመለስኩ።

የሱቁ ቁልፍ ማያያዣዬ ላይ የጎማን ንፋስ መዝጊያ የሚፈታ የቫልቭ መፍቻ አለ፣ ከጣት የማይበልጥ። የትም ይዤው ነው የምሄደው፤ ሌላዋ ሊፕስቲክ እንደምትይዝ። ሙሽሮቹ ወደ መኪናው መመለስ ሲጀምሩ እንደገና ተንበረከክሁ፣ የቫልቩን ክዳን አወጣሁ፣ መፍቻውን አስገብቼ አዞርኩ። ንፋሱ ቫልቩን እጄ ላይ ተፋው። ከዚያ መጮህ ጀመረ። ሰፊ ጎማ ብዙ ንፋስ ነው የሚይዘው፤ አልቆ አያልቅም። ጭብጨባው ቆመ። ከበሮው ቆመ። ሜዳው ላይ ያ ፉጨት ብቻ ቀረ፣ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል፤ ቪዲዮ ቀራጩም ካሜራውን አዙሮብኛል። ፉጨቱ እስኪያበቃ ተንበርክኬ ቆየሁ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ተንጋዳ ቁጭ አለች።

"በእጇ ነው ያስተነፈሰችው" አለች አክስትየዋ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። "ኧረ በስመ አብ። የገዛ እህቷን።"

እናቴ ሚኒባሱ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። እህቴ አላለቀሰችም። ቀሚሷን በሁለት እጇ አንስታ፣ በአጠገቤ አልፋ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ሙሽራው ተከተላት። እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። ሠርጉ ወረደ። ወደ ታች ድረስ አንድም ክላክስ አልተሰማም።

ወንድሜና እኔ ቀረን። ባሕር ዛፉ ይንሿሿል። እጁን ዘረጋ።

"ስጪኝ።"

ቫልቩን በጡጫዬ ይዤው ነበር። "ባዶዋን፣ ብቻህን፣ ቀስ ብለህ ብትሄድ ትወርዳለች" አልኩት። "ሰው ካልተጫነባት ጠርዙ አይደርስበትም። የተበላው ግን ተበልቷል፤ አብሬህ ልሂድ።"

"ስጪኝ ነው ያልኩሽ።"

ሰጠሁት። በመፍቻዬ መልሶ አሰረው፤ ሲጋራ መለኮሻው ላይ በምትሰካ ትንሽ ፓምፕ ጎማውን ሞላው። እስኪሞላ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ከዚያ ገባና በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ "አንቺ በእግርሽ ውረጂ" አለኝ።

በሚዜ ቀሚስና በሚዜ ጫማ እንጦጦን ወረድኩ። ጫማውን ወዲያው በእጄ ያዝኩት። የመኪናዋ ድምፅ ከሥሬ ከዛፎቹ መሀል ይመጣል፣ በመታጠፊያው ይጠፋል፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ይመጣል። በጠፋ ቁጥር ቆሜ እጠብቃለሁ። እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት አጠገቤ ደርሳ ቆመች።

"ሙሽራዋ ጥላሽ ሄደች?"

"ከመኪናዋ ያስቀረኋት እኔ ነኝ" አልኳት።

ሸክሟን አስተካክላ ቀደመችኝ። አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ፈጠን አለች። ከታች ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። የምጠብቀው ፍንዳታ አልመጣም። አለመምጣቱ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የመንገዱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ስደርስ መኪናዋ በሩ ፊት ለፊት ቆማለች፣ ከነአበባዋ፣ ከነጥብጣቧ። ሰው ፎቶ ይነሳባታል። አራቱም ጎማ ሙሉ ነው። አክስትየዋ በሩ ላይ እንግዳ ትቀበላለች፤ ስታየኝ በአገጯ መኪናዋን አሳየችኝ። መኪናዋ ቆማ እየተናገረችላት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው በሥራ ብቻ ሆነ። እናቴ "ቁልፉን አቀብይኝ" ትለኛለች፣ "በሩን ዝጊ" ትለኛለች። ወንድሜ ያንንም አላለኝም። ሰኞ ሱቁ አልመጣም።

ለመልሱ ሙሽሮቹ ወደ እኛ ቤት የመጡት በዚያችው መኪና ነው። ወንድሜ ነው ሄዶ ያመጣቸው። አክስትየዋም ከኋላ በሌላ መኪና መጥታለች። እህቴ ከቀኝ በኩል ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ሰው እንዲሰማ "ይኸው መጣሁ፣ ምንም አልሆንኩም" አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ዓይኔ ግን ወደ ሥራው ሄደ። የቀኝ የኋላው ጎማ አዲስ ነው። አዲስ ጎማ ላይ የሚኖሩ ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች አሉ፤ ገና አልረገፉም። ለሌላ ጎሚስታ ወስዶ አስቀይሮታል ማለት ነው። አሮጌውን ማንም እንዳያየው ጥሎታል። ጎንበስ ብዬ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ከውስጥ ዳሰስኩ። ወደ ኋላ ስሄድ ጣቴን ያዘኝ። እንደነበረ ነው። ስቱኮው እንዳይሰነጠቅ ብሎ እንደነበረ ትቶታል።

ቀና ስል ወንድሜ ያየኛል። እንደገባኝ ገባው። ዓይኑን አዞረ።

ሰው እየበላ ሳለ እህቴ መኝታ ቤት ጠራችኝ። ፀጉሯን እንዳስተካክልላት ነው የጠራችኝ፤ ቢያንስ ለሰው ያለችው እሱን ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ከሥሬ ይሰማኝ ነበር" አለች።

"ምኑ?"

"ስንዞር። ልክ ከሥሬ። የሆነ ነገር የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። መቀመጫው ይሞቅ ነበር።"

እጄ ፀጉሯ ላይ ቆመ። "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ስነግርሽስ ለምን አልሰማሽኝም?"

"ሙሽራ ምን ብላ ትናገራለች? አቁሙልኝ ትላለች?" ቀሚሷን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "እሱ በመስተዋት እያየኝ እየሳቀ ነው የሚነዳው። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።"

"ጠርዙን አልነካውም እኮ" አልኳት። "ጎማውን ብቻ ነው የቀየረው። ሰው ከሞላባት ይኸኛውንም ይበላዋል።"

"አውቃለሁ። ስንመጣም ተሰምቶኛል፣ ትንሽ።"

"እንግዲያው በታክሲ ሂዱ። እኔ ልንገራቸው።"

"አንቺ?" አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። "አንቺማ ምንም አትናገሪ። አንቺ ከተናገርሽ ጭራሽ በግድ ነው የሚያስገቡኝ።"

እውነቷን ነበር። ሹሩባዋን ጨረስኩላት።

ሊሄዱ ሲነሱ ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ድረስ ወጥተው መረቁ። እናቴ ከጎኔ ቆማ የእጄን አንጓ ይዛኛለች፤ ለሰው ፍቅር ይመስላል፣ አያያዟ ግን የፖሊስ ነበር። ወንድሜ የፊቱን ወንበር አጥፎ ጠበቀ። እህቴ በሩ ጋ ቆመችና ሙሽራውን "አንተ በዚያ በኩል ሁን" አለችው።

"በየትኛው?"

"በቀኝ። እኔ ዛሬ በግራ ልሁን።"

ምንም አልመሰለውም። እሷ ቀድማ ገባች፣ ተንፏቀቀች፣ ከወንድሜ ጀርባ ተቀመጠች፣ በሁለት እጇ የፊቱን ወንበር ያዘች። ሙሽራው ተከትሎ ገባና ጎማው ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ ወደ ቀኝ አጎነበሰች። ወንድሜ ይህን በመስተዋቱ አይቷል፤ ትከሻው ወደ ላይ ሲሰበሰብ አይቻለሁ። ግን ሞተሩን አስነሳ።

ከእኛ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሁላችንም ደጃፍ ላይ ቆመን እጃችንን አወዛወዝን።